ትምህርቱ ከሥር ይጻፍ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለአቶ ለምን፤

የትምህርት ቢሮ ሹመትህን ከሰማሁ ወዲህ ማን ብዬ እንደምጽፍልህ ግራ ገብቶኝ ሰንብቷል። "ክቡር ምክትል ኃላፊ" ብዬ ጀመርኩና እጄ እምቢ አለ። አራተኛ ክፍል ሳለህ ያወጣሁልህ ስም ይሻላል። አንተም በማስታወሻህ "ቲቸር" ብለህ ስለጠራኸኝ የድሮውን መጠቀም አይከለከልም ብዬ ነው።

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ካላየ ሰላም ነው።

"ፋይሉ ላይ ስማቸው ያለው መምህርት በእርግጥ እርስዎ ነዎት?" ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ነኝ። ጡረታው ደጃፍ ላይ ደርሶ የሚከሰስ ሞኝ በአንድ ከተማ ሁለት አይገኝም።

"ምን ተናግረው ነው?" ላልከው፣ የተናገርኩት ተረት ነው። ዓርብ ከሰዓት፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ። አሠራሬን ታውቀዋለህ፤ ተረቱን እኔ እነግራለሁ፣ ትምህርቱን ልጆቹ ያወጣሉ። እኔ አልጨምርም፣ አልቀንስም። የዚያን ቀን የነገርኳቸው የዝሆኑንና የኩሬውን ነው። በአንተ ጊዜ አልነበረም፤ በአጭሩ እንዲህ ነው። እንስሳቱ ኩሬያቸው እንዳይደፈርስ ዝሆንን ጠባቂ አድርገው ሾሙት። ዝሆኑም ጥበቃውን ለማጥበቅ ብሎ ኩሬው መካከል ገብቶ ቆመ። ኤሊ ልትጠጣ መጥታ "ምነው ውሃው ደፈረሰ?" ብትለው፣ "እናንተ እየመጣችሁ ስታዩት ነው" አላት።

"ትምህርቱስ?" አልኩ። ጉንዳን ተነሣች። ጉንዳን የምንላት የቲማቲም ሻጯን ልጅ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሳም ከቦርሳዋ ታንሳለች። "ቲቸር፣ ትምህርቱ፣ ቤተ መጻሕፍታችን ሲሚንቶ የሞላው ርዕሰ መምህሩ ስለሚጠብቁት ነው" አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፣ አልክድህም። ቤተ መጻሕፍቱ ለሲሚንቶ ነጋዴ ከተከራየ ከርሟል፤ መጻሕፍቱ በጆንያ ታስረው መጸዳጃ ቤቱ መተላለፊያ ላይ ተደርድረዋል። የዘነጋሁት አንድ ነገር ነው። ዘንድሮ የተሰጠኝ ክፍል ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ የሚለየው በአንዲት ቀጭን የጣውላ ግድግዳ ነው። የእሳቸው ወንበር ሲጢጥ ሲል እኛ እንሰማለን፤ እኛ ስንስቅ እሳቸው ይሰማሉ። ሰውነታቸው ግዙፍ መሆኑንም ዝሆን ብዬ ከመጀመሬ በፊት ማሰብ ነበረብኝ። "አላሰብኩም" ብልህ ግማሹን እመነኝ።

አሁን በእሳቸው ክስ የትምህርት ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከሁለት አንዱን ሊያቀርብ ነው፤ ወይ እኔ ልጆቹን አሳድሜያለሁ፣ ወይ ልጅቷ ርዕሰ መምህሩን ሰድባለች። እስኪወሰን ድረስ እኔ አስተምራለሁ። እሷ ግን ታግዳ ከበሩ ውጭ፣ ከእናቷ ቲማቲም አጠገብ ተቀምጣለች። ደወል ሲደወል ብድግ ትላለች። ከዚያ ትዝ ሲላት ተመልሳ ትቀመጣለች።

ፋይሉ የሚቋጨው አንተ ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ለራሴ የምለምንህ የለም። ልጅቷን ግን ወደ ክፍሏ መልሳት። ይኸው ነው።

መምህርትህ


ጥቅምት 28

ውድ ቲቸር፤

ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እዚህ ቢሮ ስብሰባ ስብሰባን ይወልዳል፤ አንዱን ጨርሰን ስንወጣ ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ባለቤቴም ልጆቼም ደህና ናቸው። ትልቁ ልጄ እርስዎን ሳያይ ስምዎን ያውቃል።

አስከትለው በላኩት ወረቀት "የጎሹንና የወፏን ተረት ታስታውሰዋለህ?" ብለው ጠይቀውኛል። እንዴት እረሳለሁ? ጎሹ ሊተኛ ሲል ቁጥቋጦው ሥር የወፏን ጎጆ አይቶ ሌላ ቦታ ሄዶ ተኛ። ወፏ "ውለታህን እከፍላለሁ" ብትለው ሳቀባት። በኋላ አንበሳ አድፍጦ ሲመጣበት ጮኻ የቀሰቀሰችው ግን እሷ ናት። ትምህርቱን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ "ለትንሽ የተደረገ ደግነት አንድ ቀን ትልቅ ሆኖ ይመለሳል" ብዬ። ጎሹ ለምን ሳቀባት እያልኩ እስከ ደወሉ ድረስ እንደነዘነዝኩዎትም ትዝ ይለኛል።

ከዚያ የሚበልጠውንም አልረሳሁም። ጦጣዋ ሙዝ እንድታካፍል ተሾማ ልጣጩን ያደለችበትን ተረት ሲነግሩን፣ እኔ ተነሥቼ "ትምህርቱ፣ ከተላከልን ደብተር ሽፋኑ ብቻ የደረሰን ለዚህ ነው" አልኩ። የያኔው ርዕሰ መምህር ቀበቷቸውን ይዘው ሲገቡ እርስዎ "እንዲህ በል ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። ከወንዙ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት የተዛወሩት በዚያ ነው። ጉልበትዎ የተጎዳውም በዚያ መንገድ ነው። እኔ ያኔ ብባረር ኖሮ ዛሬ በዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ ነበር።

ስለዚህ እባክዎ ያንን ሁለተኛ አይድገሙት። ለኮሚቴው አጭር ቃል ይስጡ፤ "ልጅቷ በራሷ ነው የተናገረችው፣ እኔ አላልኳትም" ይበሉ። ይዋሹ አላልኩም፤ እውነቱም ይኸው ነው። ልጅ ናት። የልጅ ቅጣት እንደ ልጅ ቁስል ነው፣ ቶሎ ይሽራል። በእርስዎ በኩል ያለው ግን የዕድሜ ልክ ስም ነው፣ ጡረታ ነው።

በስልክ አይደውሉልኝ፤ የዚህ ቢሮ ስልክ ጆሮው ብዙ ነው። ይጻፉልኝ፤ ካልሆነም ሾፌሬ ወደዚያ ሲመጣ ይንገሩት።

ወፏ ተራዋ ደርሷል ቲቸር። እርስዎ ይተኙ፤ እኔ እጮኻለሁ።

አክባሪ ልጅዎ


ኅዳር 9

ልጄ አቶ ለምን፤

"ይተኙ" ብለኸኛል። እንቅልፉ ቢመጣ ደግ ነበር።

ሾፌርህ መጥቶ ነበር። ቆሞ እጁን እያፍተለተለ "አለቃዬ፣ ልጅቷ ምንዎ ናት፣ የሥጋ ዘመድዎ ናት ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብለዋል" አለኝ። አይደለችም። አንተስ ምኔ ነበርክ?

ኮሚቴው ፊት ቀርቤያለሁ። ሊቀመንበሩ የሂሳብ መምህሩ ነው፤ ደህና ሰው ነው፣ ብቻውን ሲሆን። ርዕሰ መምህሩ ጥግ ላይ ተቀምጠው "እኔ ለራሴ አይደለም የተናደድኩት፣ ለዝሆኑ ነው" አሉ። "ዝሆን የተከበረ እንስሳ ነው። ልጆቻችን ዝሆንን ንቀው ካደጉ ነገ ማንን ሊያከብሩ ነው?"

የሂሳብ መምህሩ "እንግዲህ ዝሆኑ ራሱ ካልከሰሰ..." ብሎ ጀመረና ዐይናቸውን ሲያይ ብርጭቆውን አንሥቶ ውሃ ጠጣ። ማንም አልሳቀም። ውሃው እስኪያልቅ ጠጣ።

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" ሲለኝ "ቃሉ የእኔ ነው፤ ልጅቷ ያልኳትን ነው የደገመችው" አልኩ። አዎ፣ አልሰማሁህም። ቁጣህ ከዚህ ድረስ ይሰማኛል። ርዕሰ መምህሩም አልተደሰቱም፤ እሳቸው የሚፈልጉት ሁለታችንንም ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይባላል፤ እሳቸው ለቁጭት ቦታ አልተዉም።

ከዚያ ወጥቼ ወደ እናትየዋ ሄድኩ። ቲማቲሞቿን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች ቀና ብላም አላየችኝ።

"ልጅሽ ጎበዝ ናት" አልኳት።

"እሱንማ በምን አጣሁት? ሰው ሁሉ 'ያቺ ዝሆን ያለችው' እያለ ቆሞ አይቷት፣ ስቆ፣ ቲማቲም ሳይገዛ ይሄዳል።" ጨርቁን ጨመቀችው። "እኔ የላክኋት ማንበብና መቁጠር እንድትማር ነው። የእርስዎን ዝሆን ማን ለመነ?"

ይህን ጊዜ ጉንዳን ከቅርጫቱ ኋላ ብቅ አለችና "ቲቸር፣ ትምህርቱን ተሳስቼ ነበር?" አለችኝ።

"አልተሳሳትሽም።"

"ታዲያ ለምን?"

ከአንተ በኋላ ይህን ቃል እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ልጅ የለም። እናትየዋም መወልወሏን አቁማ አየችኝ። መልሱ ያለው አንተ እጅ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በልልኝ። የስድስተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና ምዝገባ በጥር አጋማሽ ይዘጋል። ስሟ ካልገባ ዓመቱ ሄደ። እናቷ ደግሞ ሁለተኛ ዓመት አትሰጣትም፤ ነግራኛለች።

መምህርትህ


ኅዳር 30

ለተከበሩ ቲቸር፤

መጥተው እንደነበር ጸሐፊዬ የነገረችኝ ዘግይታ ነው። በእውነት አዝኛለሁ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ደረጃ፣ በዚያ ጉልበት! አስቀድመው ቢያሳውቁኝ መኪና እልክልዎ ነበር። ወደፊት ግን ባይመጡ ይመረጣል። ሰው ያያል፤ ያየ ደግሞ ያወራል። ለራሴ ፈርቼ አይደለም፣ እርስዎን እንዳይጎዳ ብዬ ነው።

"ወሰንክ ወይ?" የሚል ቃል ትተውልኝ ሄደዋል። ነገሩ በጥሩ መንገድ ላይ ነው፤ ከዚህ በላይ በጽሑፍ አልልም። ለኮሚቴው የሰጡትን ቃል ግን አንብቤ ተከፍቻለሁ። የተባባልነው እንደዚያ አልነበረም። እንዲስተካከል አድርጌያለሁ።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ያነሡት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ጋር ባያያይዙት ጥሩ ነው። ርዕሰ መምህሩ እዚህ በደህና ዐይን የሚታዩ ሰው ናቸው። እርስዎም ቢሆኑ ከእሳቸው ጋር የሚውሉ ነዎት፤ እኔ ሩቅ ነኝ፣ እሳቸው ግን ግድግዳው ማዶ ናቸው።

አንድ ትንሽ ነገር፣ እንዳይቀየሙኝ። ያንን የልጅነት ስሜን ፖስታው ላይ ባይጽፉት። ፖስታ የምትከፍተው ጸሐፊዬ ናት።

አክባሪዎ


ታኅሣሥ 8

ልጄ፤

ፖስታው ላይ ማዕረግህን ጽፌያለሁ። ከመርዘሙ የተነሣ ቴምብሩን ሊያስወጣው ነበር።

"ተቀይመውኛል ወይ?" ብለህ በሾፌርህ አስጠይቀሃል። አልተቀየምኩም። ስብሰባ ላይ ነበርኩ ያልከውንም አምኛለሁ። ብቻ ስብሰባው ሳል ነበረው፤ ሁለት ደረቅ፣ አንድ ረዥም። ብርድ በመጣ ቁጥር ከኋላ ወንበር እሰማው የነበረ ሳል ነው፤ በሹመት አይለወጥም መሰለኝ። ጸሐፊህ የደግ ሰው ልጅ ናት። ሳሉ በተሰማ ቁጥር እሷ ወረቀት ማንኮሻኮሽ ጀመረች፣ እንዳይሰማኝ ብላ። በኋላ አሳዘነችኝና ተነሥቼ ሄድኩ።

ሰው በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ ምንም አይደለም። ሥራ ይሆናል፣ ሐፍረት ይሆናል፤ ሐፍረት ከሆነ እንዲያውም ተስፋ አለው። እንቅልፍ የነሣኝ "እንዲስተካከል አድርጌያለሁ" ያልከው ነው። ምኑ ነው የተስተካከለው? ቃሌን ማን ነካው? ውሸት ነው ብትልም የእኔ ውሸት ነው፤ አንዴ አንተን ያወጣ ውሸት ነው። አትንካብኝ።

ጉንዳን አሁን ደወል ሲደወል ብድግ ማለቷን ትታለች።

ቶሎ ጻፍልኝ።

መምህርትህ


ጥር 21

ውድ ቲቸር፤

እንኳን ደስ አለዎት!

ውሳኔው ዛሬ በእኔ ፊርማ ወጥቷል። ከክሱ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነዎት። ጡረታዎ እስኪደርስ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ደመወዝ ይቀጥላሉ። ቀላል እንዳይመስልዎ፤ ርዕሰ መምህሩን ራሴ ጠርቼ አነጋግሬያለሁ። በመጨረሻው ስብሰባ "እኚህ ሴት እኔን ሰው አድርገውኛል" ብዬ ስናገር ቤቱ ጸጥ አለ።

"ልጅቷስ?" ብለው በላይ በላዩ ጽፈውልኛል። ያልመለስኩት ሳያልቅ መናገር ስላልወደድኩ ነው። ልጅቷ ለራሷ ጥቅም ሲባል ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንድትዛወር ተወስኗል። ከወንዙ ማዶ ያለው ነው፤ እርስዎ በደንብ ያውቁታል። ትንሽ ይርቃል፣ ግን ልጅ እግር አይቸግረውም። የዘንድሮው ምዝገባ ስላለፈ ለሚመጣው ዓመት ትደርሳለች። ኮሚቴው ፊት የሰጡት ቃል "ተማሪን ከማዘን የተነሣ የተሰጠ" ተብሎ ታልፏል፤ ማንም አይጠይቅዎትም።

ቲቸር፣ አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት። ሁለታችሁንም ማውጣት አልቻልኩም። አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብኝና እርስዎን መረጥኩ። ሌላ ማንን ልመርጥ ኖሯል? ምስጋና አልጠብቅም። የከፈልኩት ውለታ ነው።

ሌላም የምሥራች አለኝ። ቢሮአችን ለሁሉም ትምህርት ቤቶች የሚሆን የእንስሳት ተረት መጽሐፍ ሊያሳትም ነው፤ ስለ ሥልጣንና ስለ ደግነት። ስምዎን አቅርቤ ጸድቋል። የጎሹንና የወፏን ቢያስቀድሙልኝ ልቤ ደስ ይለዋል። አደራዎን ግን፣ ልጆች በየፊናቸው እየተረጎሙ ሌላ ጣጣ እንዳያመጡ፣ ትምህርቱ ከሥር በግልጽ ይጻፍ።

ውለታዎን የማይረሳ ልጅዎ


የካቲት 20

ለክቡር ምክትል ኃላፊ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ ደህና ናቸው? ዛሬ "ክቡር" ብዬ ስጀምር እጄ እምቢ አላለኝም።

"ደስ አላለዎትም ወይ? ምነው ዝም አሉ?" ብለው ጠይቀዋል። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነፃ መሆኔን ሰምቻለሁ። መምህራኑ ሁሉ እጄን ጨብጠውኛል፤ የሂሳብ መምህሩ ጨብጦኝ ቶሎ አልለቀቀኝም፣ የሚለው ነገር ያለው መስሎኝ ጠበቅሁት፣ አልነበረውም። ርዕሰ መምህሩም ጨብጠውኛል። "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" አሉኝ። ስለ ቤተ መጻሕፍቱም የምሥራች አለ፤ ሲሚንቶው ወጥቷል። ብረት ገብቶበታል።

ልጅቷ ወንዙን አልተሻገረችም። እናቷ የራሷን ሚዛን ገዝታላታለች። ዛሬ ጠዋት ቲማቲም ልገዛ ልጅቷ ዘንድ ቆምኩ። "ስንት ኪሎ ላድርግልዎ?" አለችኝ። መዘነች፣ አንድ የበሰበሰ አወጣች፣ ደህናውን ተካችበት፣ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። እናቷ ሰላምታዬን ተቀብላኛለች፤ ደንበኛ ነኝ።

ሥራዬን ልለቅ ብዬ ማመልከቻ ጽፌ ነበር። ጉልበቴና የቤት ኪራዬ ተመካክረው ቀደዱት። ስለዚህ ለእርስዎ ምስጋና ይገባል፤ ዓርብ ዓርብ ዛሬም ተረት አለኝ።

ያዘዙኝን ተረት ልኬያለሁ። እናንተ ስትማሩ የነገርኳችሁ ግማሹን ነበር፤ ቀሪውን እኔም አላውቀውም ነበር። አሁን እስከ መጨረሻው ጽፌዋለሁ።

ጎሹ የወፏን ጎጆ አልረገጠም። ወፏ አንዴ ጮኻ አዳነችው፣ እሱም ቀንዱ ላይ እንድትቀመጥ ፈቀደላት። ብዙ ከመቀመጧ የተነሣ ቀንዱ የራሷ መሰላት። ከዕለታት አንድ ቀን አንበሳው እንደገና መጣ። ወፏ ቃሏን አላጠፈችም፤ ጎሹን አሁንም አዳነችው። ግን አልጮኸችም፤ ጩኸት ከተቀመጠችበት ከፍታ ጋር አልሄደላትም። በረረችና አንበሳው ጆሮ ላይ አርፋ "ይሄኛው አርጅቷል፣ ሥጋው አይታኘክም። ከቁጥቋጦው ኋላ አንዲት ጥጃ አለች" አለችው። ከዚያ ተመልሳ ቀንዱ ላይ ተቀመጠችና "ይኸው ውለታህን ከፈልኩ" አለችው። ጎሹም በዚህ ጊዜ አልሳቀባትም።

ይህንን ባለፈው ዓርብ ለክፍሉ ነገርኩ። "ትምህርቱስ?" አልኩ። እጅ ያነሣ የለም። ከጣውላው ማዶ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ሁሉም ወደ ግድግዳው አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ። በመጨረሻ የክፍሉ አለቃ ተነሣና "ቲቸር፣ ትምህርቱን እርስዎ ይንገሩንና እንጻፈው" አለ። ይህን ሲል ደብተሮቹ ሁሉ ተገለጡ።

ጠመኔ አነሣሁና ጻፍኩላቸው። ለመጽሐፉም ይኸው ይሁን፤ እንዳዘዙት ከሥር በግልጽ አስቀምጬዋለሁ።

"ትንሽ ዝም ሲል ትልቅ ይድናል።"

በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገለበጡት፤ አንዳንዶቹ ከሥሩ በማስመሪያ አሰመሩበት። አንድም ልጅ "ለምን?" አላለኝም።

መምህርት